የኬሚስትሪ ክፍሉ አራተኛ ደንብ

ስለ ራሴ ደህና ደህናውን ልጽፍ ብዬ ብዕር ያነሳሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ሁለት መስመር እንደሄድኩ ግን ሳቄ ይመጣና እተወዋለሁ። የዛሬው ደህና ነገር ስላልሆነ ሳልስቅ የምጨርሰው ይመስለኛል። መሃል ላይ ብስቅ በራሴ ነውና አትቀየሙኝ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። ጎንደር ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። "አስተምሬያለሁ" በሚለው ተማሪዎቼ ይስማሙ አይስማሙ አላውቅም፤ ጠመኔ ይዤ መቆሜን ግን አይክዱም። ክፍል ስገባ አርባ አምስት ልጅ ብድግ ይላል፤ ቁጭ በሉ እስክል ሳል እንኳ አይሰማም። "ጥያቄ ያለው ትምህርቱ ሲያልቅ ይጠይቅ" እል ነበር፤ ትምህርቱን የምጨርሰው ደግሞ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ነው። ቤተ ሙከራ ተብሎ በተሰጠን ክፍል ውስጥ ሦስት የመለኪያ ብርጭቆዎች ነበሩ። ተማሪ እንዳይሰብራቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም አልተሰበረም። አንድም ተማሪ አልነካቸውም። ይህንን እንደ ጀብዱ ለሰው አወራው ነበር እኮ!

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቤተሰቤን ይዤ ኢየሩሳሌም ገባሁ። ጊሎ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሰን። እኔም ታልፒዮት ከሚገኝ አንድ መጋዘን ካርቶን ማንሳት ጀመርኩ። ዕብራይስጥ ያስተማረችን ልጅ ዕድሜዋ ከተማሪዎቼ አይበልጥም ነበር፤ እኔም እንደ ሰነፍ ተማሪ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ በመስኮት ውጭ ውጩን አይ ነበር። በዚህ ምክንያት ዕብራይስጤ ለአውቶቡስና ለካርቶን የሚበቃ ሆኖ ቀረ። የመጋዘኑ አለቃ፣ ገና ሃያ አምስት ያልሞላው፣ ከወዲያ ማዶ በስሜ እየጠራ "ና!" ይለኛል። እመጣለሁ። ምን አደርጋለሁ?

ልጄ ስንዱ አገር ስትለቅ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። እዚህ ትምህርት ቤት ስትገባ "ሲጋል" ብለው መዘገቧት፤ ቤት ውስጥ ግን ስንዱ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ ስትደርስ አማርኛዋ እየሳሳ፣ የእኔም ዕብራይስጥ ከነበረበት አልነቃነቅ ብሎ፣ የምንግባባበት ነገር ጠፍቶ ነበር። ያተረፈን ኬሚስትሪ ነው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተን እንጨቃጨቅ ነበር። ጭቅጭቅ ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ!

"አባዬ ይሄ የድሮ ነው፤ አሁን እንደዚህ አይሉትም።"

"ኬሚስትሪ ድሮና ዘንድሮ የለውም!"

"አለው! መጽሐፉን ላምጣልህ?"

"መጽሐፉ ተሳስቷል!"

ከዚያ መጽሐፉን ታመጣለች፣ እሸነፋለሁ፣ ተናድጄ በረንዳ ላይ እወጣለሁ፣ እናቷ ዘርፌ ትስቃለች። ጎረቤት እስኪሰማን ድረስ ነበር የምንከራከረው። በሆምጣጤና በመጋገሪያ ዱቄት ሙከራ እየሠራን የዘርፌን ስኒዎች አበላሽተናል። አንድ ቀን አሲድን ስለ ማቅጠን ሳስረዳት፣ "አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ በጭራሽ!" ብዬ ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። ከዚያ በኋላ ሻይ በቀዳች ቁጥር ስኳሩን እየጨመረች "አሲዱን ወደ ውሃው" ትለኝ ነበር፤ ለማብሸቅ።

አሥረኛ ክፍል ስትደርስ የኬሚስትሪ ዘርፍ ገባች። ትምህርት ቤቱ ከኢትዮጵያ መንገድ ጀርባ ነበር፤ ስሙን ልተወው። ዘርፉን "መጋማ" ይሉታል፤ ወደ ማትሪክ የሚያደርስ፣ ተመርጦ የሚገባበት ነው። ከሰፈራችን ልጆች እሷ ብቻ ነበረች የገባችው። ያን ዕለት መጋዘን ውስጥ ካርቶን የተሸከምኩት እየዘፈንኩ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች። የክፍሉ ደንብ ነው፤ ወላጅ አንብቦ ይፈርምበታል። እያነበበች ተረጎመችልኝ። አንደኛ፣ አሥር ደቂቃ ያረፈደ በሩ ይዘጋበታል። ሁለተኛ፣ የቤት ሥራ ሦስት ጊዜ ያላመጣ ወላጁ ይጠራል። ሦስተኛ፣ መከላከያ መነጽር ያላደረገ፣ ፀጉሩን ያላሰረ ቤተ ሙከራ አይገባም። አራተኛ፣ ያለ መምህሯ ፈቃድ የሌላ ጠረጴዛ ዕቃ የነካ ከዘርፉ ሊወጣ ይችላል። አምስተኛ፣ ከውጤቱ አንድ አምስተኛው የሚሰጠው በክፍል ውስጥ ለመናገር፣ ለመጠየቅ፣ ስህተትም ቢሆን ለመመለስ ነው።

"እስከ አራት ድረስ እኔ የጻፍኩት ነው የሚመስለው። አምስተኛውን ማን ቀላቀለበት? ለማውራት ማርክ ይሰጣል?" አልኩ።

"እዚህ እንደዚያ ነው አባዬ።"

"እንግዲያው ስድስተኛውን እኔ ልጨምር። መምህር ሲገስጽሽ አትመልሺ። ዓይንሽን ዝቅ፣ አፍሽን ዝግት።"

"እዚህ መምህሩን ዓይን ዓይኑን ካላየሁት ውሸታም ነሽ ይሉኛል።"

"ይበሉ! አንቺ የማን ልጅ እንደሆንሽ አትርሺ።"

ፈረምኩ። የጎንደሩን ፊርማዬን፣ ያችን ባለ ረጅም ጭራዋን።

ወቅቱ ክረምት ነበር፤ እዚህ ዝናቡም ብርዱም በአንድ የሚመጣበት። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ስንዱ ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ዘርፌ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ነገ እኩለ ቀን ላይ መምህሯ ዘንድ እንድቀርብ፣ ስንዱ በኬሚስትሪ ዘርፍ መቆየት አለመቆየቷን እንድንወስን ይላል።

"እጅሽን ምን ነካው?"

"ትንሽ ነው። ቤተ ሙከራ ነው።"

"ዕቃ ሰበርሽ?"

"አባዬ፣ ቆይ ልንገርህ..."

"ነገ ከመምህርሽ እሰማዋለሁ" አልኳትና ሱፌን ከሻንጣ አወጣሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ጥፋት አጥፍታ መጠራቴን እያወቅሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ስንት ዓመት ካርቶን ተሸክሜ፣ ትምህርት ቤት በፊት ለፊቱ በር በሱፍና በከረባት ልገባ ነው! ሱፉን ሁለት ጊዜ ተኮስኩት። ልጅቱ ከኋላዬ ቆማ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ስዞር ግን አልነበረችም።

በማግስቱ ከአለቃዬ ግማሽ ቀን ለምኜ ወጣሁ። ከአውቶቡስ ወርጄ በኢትዮጵያ መንገድ በኩል አቋረጥኩ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ረጃጅም የድንጋይ አጥር፤ ከአንደኛው አጥር ጀርባ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን አለ። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጉዳዬ አይደለም። ግን በሩ ላይ አባ ኪሮስ የሚባሉ የጎንደር መነኩሴ ይቀመጣሉ። መስቀላቸውን አይዘረጉልኝም፣ እኔም አልሳለምም፤ በዚህ ተስማምተን ስለ አገር ቤት ዝናብ እናወራለን። በዚያ ከተማ "መምህር" ብለው የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። በሄድኩ ቁጥር ያን መንገድ የምመርጠው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ።

"መምህር! ዛሬ እንዴት አምሮብዎታል? ሰርግ አለ እንዴ?"

"ትምህርት ቤት ተጠርቼ ነው አባ።"

"ሊያስተምሩ?"

ፈገግ ብዬ አለፍኩ። "አይደለም" ማለት አቃተኝ።

ስንዱ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ አስተርጓሚዬ እሷ ናት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ተከሳሿም አስተርጓሚዋም አንድ ልጅ ናት። መምህሯ ሩቲ ትባላለች፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ሱሪ ለብሳለች፣ ክንዷ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ተማሪዎቹ ኮሪደር ላይ "ሩቲ! ሩቲ!" እያሉ እንደ እኩያቸው ይጠሯታል። ጆሮዬን አሳከከኝ። ውሃ ቀድታ ሰጠችኝና ተቀመጠች።

"ሲጋል ጎበዝ ናት" ብላ ጀመረች፤ ስንዱ እያፈረች ተረጎመችልኝ። "በጽሑፍ ፈተና ከክፍሉ ሦስተኛ ናት። ግን አትናገርም። ስጠይቃት ወለሉን ታያለች። ምን እንደምታስብ ማወቅ አልቻልኩም።"

"ጨዋ ሆና ስላደገች ነው በያት።"

ነገረቻት። ሩቲ ራሷን ነቅነቅ አደረገችና ቀጠለች።

"ትናንት አሲድ እያቀጠንን ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ስዞር ሲጋል ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ የአንዱን ልጅ ብርጭቆ ነጥቃ፣ ተሰብሮ፣ አሲዱ ወለሉ ላይ ፈስሷል፤ እጇንም አቃጥሏታል። ልጁ 'ዝም ብላ መጥታ ነጠቀችኝ' አለ። ለምን እንደነጠቀችው ስጠይቃት ዝም አለች። አሁንም ዝም ነው።"

ስንዱ ይህን ሁሉ ቃል ሳታስቀር ተረጎመችልኝ። "አሲዱ እጇን አቃጠላት" ስትል እንኳ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ነበር የሚመስለው።

ሩቲ ወደ እሷ ዞረች። "አሁን አባትሽም አለ፤ አትፍሪ። ለምን ነጠቅሽው?"

ስንዱ ቀና አለች። አፏን ከፈተች። ከዚያ ወደ እኔ አየች።

ዓይኔን አጉረጠረጥኩባት።

የእኛ አገር ሰው ያቺን ዓይን ያውቃታል። እንግዳ ፊት፣ ሽማግሌ ፊት፣ ቃል ሳይወጣ "ዋ!" የምትለዋ። አርባ አምስት ልጅ በአንዴ ዝም የማሰኝባት ዓይን ናት፤ አንዲት ልጅማ ምኗ ነው። አፏን ዘጋች፤ ወለሉን አየች።

ሩቲ ተነፈሰችና እንዲህ አለች፦ "እንግዲህ ደንቡ ከዘርፉ ልትወጣ ትችላለች ይላል። እኔ ግን ማስጠንቀቂያ ጽፌ ብተወው እመርጣለሁ። ከዚህ በፊት ምንም ጥፋት የለባትም። እንደ አባት የእርስዎን ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ።"

ስንዱ ስትተረጉምልኝ ድምጿ ትንሽ ቀለል አለ። "ማስጠንቀቂያ ይበቃታል እያለች ነው፤ አንተ ምን ትላለህ እያለችህ ነው።"

እዚህ ላይ "ይበቃታል፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ብነሳ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባላነበባችሁ ነበር። እኔ ግን ሱፍ ለብሻለሁ። ሱፍ የለበሰ ሰው ደግሞ ንግግር ያደርጋል።

"እኔም የኬሚስትሪ መምህር ነኝ በያት። አሥራ ስምንት ዓመት።"

ስትነግራት የሩቲ ፊት በራ። "እውነት?" ብላ እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። "ታዲያ ባልደረባዬ ነዎታ!"

ባልደረባ! ይቺ ቃል ናት ያሳበደችኝ። ስንት ዓመት "ና! አንሳ! እዚያ አስቀምጥ!" ሲባል የኖረ ሰው ባልደረባ ሲባል ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም። ከረባቴን አስተካከልኩ።

"ደንብ የሚወጣው ሊከበር ነው በያት። ለእኔ ልጅ ተብሎ አይታጠፍም።"

ስንዱ የእጇን ፋሻ መነካካት ጀመረች።

"ተርጉሚ እንጂ!"

"አባዬ... ይሄን ልበላት?"

"በያት!"

አለቻት። ሩቲ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀች።

"እርግጠኛ ነህ ወይ እያለችህ ነው" አለች ስንዱ። ልመና ነበር፤ ትርጉም አልነበረም። አሁን ነው የገባኝ።

"እኔ ብሆን ከዚህ የባሰ አደርግ ነበር በያት።"

ልጄ እሷን የሚያባርረውን የአባቷን ቃል በጥሩ ዕብራይስጥ፣ አንድም ሳታጎድል፣ ለመምህሯ ነገረቻት። ሩቲ ብዕሯን አነሳች። ከዚያ ከመሳቢያዋ ቅጽ አወጣች፤ ከኬሚስትሪ ወደ ተራው ክፍል መዛወሪያ። ፈረምኩ። ባለ ረጅም ጭራዋን። ተጨባበጥን። ደረጃውን ስወርድ ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ "ዛሬ እኚህ ሰዎች መምህር ምን እንደሆነ አዩ" እያልኩ በልቤ።

በኢትዮጵያ መንገድ ስንመለስ ስንዱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ትከተለኛለች። ስለ ሥርዓት አንድ ነገር እያስተማርኳት ነበር። አባ ኪሮስ በሩ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

"ይቺ ናት ልጅዎ? እጅሽን ምን ሆንሽ ልጄ?"

ስንዱ ዝም ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቆመችና በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ መናገር ጀመረች።

"ልጁ አሲዱን አስቀድሞ ቀድቶ ነበር። ብዙ። ከዚያ ውሃ ሊጨምርበት አነሳ። መነጽሩን አላደረገም፤ እዚህ ግንባሩ ላይ ነበር። ብጮህ ደንግጦ የሚደፋው መሰለኝ። ስለዚህ ነጠቅሁት።"

"ውሃ ቢጨምርበት ምን ይሆን ነበር?" አሉ አባ።

ስንዱ አላየቻቸውም። እኔን አየችኝ።

"አባዬ ያውቃል።"

አባ ኪሮስ ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ፤ እንደ ተማሪ። እኔም አስረዳኋቸው። ውሃው ከአሲዱ በላይ ይቀራል አልኩ። በአንዴ ይግላል አልኩ። ይፈላና ይረጫል አልኩ። እየቆየ ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም ነበር።

"ፊት ላይ ይረጫል?"

"ፊት ላይ። ዓይን ላይ።"

"እንግዲያው የሰው ልጅ ዓይን አተረፈች በሉኛ!" አሉና ተነስተው ራሷን ዳበሷት። "ጎበዝ! የመምህር ልጅ!"

ግንቡን ተደገፍኩ። ዝናብ ያካፋ ነበር፤ የተተኮሰው ሱፌ ትከሻው ላይ እየረጠበ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ትናንት ልነግርህ መጣሁ። ሱፍህን እየተኮስክ ነበር። ዛሬ ደግሞ አፌን ስከፍት አየኸኝ።"

"ትናንት ለመምህርሽስ?"

"ተቆጥታ ነበራ። ስትገስጽሽ አትመልሺ አላልክም?"

ሮጬ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስኩ። ሮጬ ስል፣ በኔ ዕድሜ ሩጫ የሚባለውን። በሩ ተዘግቷል፤ ዘበኛው "ነገ" አለኝ። ስመለስ ስንዱ እኔን ሳትጠብቅ በአውቶቡስ ሄዳለች።

ቤት ስገባ ዘርፌ ሁሉንም ሰምታ ጨርሳለች። እራት አቀረበችልኝ። አልጮኸችም። "እዚያ ትምህርት ቤት የገባኸው የማን አባት ሆነህ ነው?" ብቻ ነው ያለችኝ። ጎንበስ ብዬ በላሁ። አያችሁ፣ እንዲህ ባለ ቀንም በላሁ።

ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ቀርቼ ብቻዬን ሩቲ ዘንድ ሄድኩ። አስተርጓሚ የለኝም፤ ዕብራይስጤ ደግሞ የካርቶን ነው። ክፍሏ ባዶ ነበር። አፌን ብከፍት "ከባድ"፣ "ቀላል"፣ "ተጠንቀቅ ይሰበራል" የሚሉት ቃላት ብቻ መጡልኝ። ስለዚህ ጠመኔውን አነሳሁ። ብርጭቆ ሣልኩ፤ ውስጡ የአሲዱን ፎርሙላ ጻፍኩ። ከላይ የልጅ እጅ ሣልኩ፤ እጁ ውስጥ ውሃ። ከጎኑ ፊት ሣልኩ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ። ከዚያ ሌላ ትንሽ እጅ ሣልኩ፣ ብርጭቆውን የሚጎትት። ሥሩ "ስንዱ" ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ፤ በአፌ ደግሞ "ሲጋል" አልኳት።

ሩቲ ሰሌዳውን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ቅጹን አወጣችና፣ ገና ወደ ቢሮ አልላከችውም ነበር፣ ለሁለት ቀደደችው። ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ፣ "እኔም ጥፋተኛ ነኝ። እሁድ ትመለስ" አለችኝ፤ እዚህ የትምህርት ሳምንት የሚጀምረው እሁድ ነው።

ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ገብቼ ስንዱ የምትወደውን የተቆላ የሱፍ ፍሬ ገዛሁ። አውቶቡስ ውስጥ እንደ እብድ ለብቻዬ እስቅ ነበር። አራቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

"ስንዱ! ቅጹ ተቀደደ! እሁድ ትመለሻለሽ!"

ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ነበር። ሌላ መጽሐፍ ዘርግታለች።

"አልመለስም።"

"ሁሉን ነገርኳት እኮ! ሣልኩላት እኮ! ይቅርታ አለች!"

"ደስ ይላል። አልመለስም።"

"ለምን?"

በቁጣ ብትመልስልኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ።

"ትናንት ያልከውን ሁሉ እኔ ነኝ የተናገርኩት። 'ከዚህ የባሰ አደርግ ነበር' ያልኳት እኔ ነኝ። በአፌ። እዚያ ክፍል ብገባ ከዚህ ቃል ሌላ አይሰማኝም። መምህሯ እንኳ ለምን ብላ ጠየቀችኝ። አንተ አንድ ጊዜ ለምን አላልከኝም።"

"አጥፍቻለሁ ልጄ" አልኩ። ለተማሪም ለልጅም ብዬው የማላውቀው ቃል ነበር።

"እሺ አባዬ" አለችኝ።

ሩቲ ራሷ በሚቀጥለው ሳምንት ጊሎ ድረስ መጥታ፣ አራቱን ፎቅ ወጥታ፣ ለመነቻት። ስንዱ ውሃ አቀረበችላት፣ አመሰገነቻት፣ እስከ በሩ ሸኘቻት። አልተመለሰችም። ተራውን ክፍል ጨርሳ፣ ውትድርናዋን ፈጽማ፣ ዛሬ በሌላ ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቀጠሮ ትመዘግባለች። ደህና ሥራ ነው። ሰው ያመሰግናታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ "ታዲያ ምን ይጠበስ? አንድ ክፍል ቀየረች" ትሉ ይሆናል። እኔም ዓመት ሁለት ዓመት እንደዚያ እያልኩ ራሴን አታልያለሁ። ከኬሚስትሪው የበለጠ ያጣሁት ሌላ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያቺ ጎረቤት እስኪሰማ የምትከራከረኝ ልጅ ከዚያ ሐሙስ በኋላ አንድም ቀን ተከራክራኝ አታውቅም። ጨዋ ሆነች። እኔ እንደምፈልገው፣ ልክ ለመምህር እንደሚኮነው። ባጠፋም አትመልስልኝም፣ ብሳሳትም አታርመኝም። ያስተማርኳትን ሥርዓት አንድም ሳታጎድል በእኔው ላይ ተገበረችው፤ አንደኛ ወጥታበታለች። አሥራ ስምንት ዓመት ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደ እሷ የተማረልኝ የለም።

ስለዚህ ልጃችሁ ዝም ስትል "እንዴት ያለች ጨዋ" ከማለታችሁ በፊት ለምን ብላችሁ ጠይቋት። ሱፋችሁ ሳይተኮስ ቢቀር ምንም አይደል። ምክር የመስጠት ወግ ይዞኝ አይደለም፤ ምክሬ ስንት እንደሚያወጣ አይታችኋል።

ስንዱ ዓርብ ዓርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ትደውልልኛለች። አንድም ዓርብ አጓድላ አታውቅም። እኔ ሽማግሌው ደግሞ ተንኮል ጀምሬያለሁ፤ ሆን ብዬ ስህተት እነግራታለሁ። አንድ ጊዜ ጨው ጋዝ ነው አልኳት። አንድ ጊዜ በረዶ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል አልኳት። አንዴ ብትጮህብኝ፣ አንዴ "መጽሐፉን ላምጣልህ?" ብትለኝ ብዬ። ባለፈው ዓርብ ወርቅ ዝናብ ሲነካው ይዝጋል ብዬ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዤ ጠበቅሁ። ትንፋሿ ይሰማኛል። የምትናገር መሰለኝ።

"ልክ ነህ አባዬ" አለችኝ፤ ቀጥላም ኪኒኔን መዋጤን ጠየቀችኝ።